«ይቅርብኝ» ከማለት በፊት

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ጅማ ከተማ ውስጥ ጊንጆ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ በመርካቶ፣ በቦሳና በመንደራ ያላችሁ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ ጨቆርሳ፣ ዴዶና ጌራ ሆናችሁ የምትሰሙኝ ሁሉ፣ ሰላማችሁ ይብዛ። ቡና እያፈላችሁ ከሆነ ጀበናው እሳት ላይ ይሁን፤ ሬዲዮኑን ግን ጠጋ አድርጉት። የዛሬው ወሬ በየቤቱ ያለ፣ ነገር ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራ ነው። ስለ ፍቺ ነው የማወራችሁ።

እናቴ ከአባቴ ቤት ስትወጣ ይዛ የወጣችው ሁለት ነገር ነው፤ እኔንና ጀበናዋን። ጊዜው 1988 ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአጋሮ ወጣ ብሎ፣ ቡና መሐል ነው። ደጃችን ካለው ዋንዛ ሥር አምስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ አንደኛው ወደ እናቴ ዞር ብለው «እንግዲህ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?» አሏት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። «ልጄንና ጀበናዬን ስጡኝ፤ ሌላው ይቅርብኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያለሽን ውሰጂ ብሎ የተከራከራት የለም። እንዲያውም አንደኛው «ጨዋ ናት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዋንዛው ጀርባ ባለው ቡና ላይ ግን የእናቴ እጅ ነበረበት። ችግኙን መደብ ላይ ያፈላችው እሷ ናት። በበጋ ከምንጭ እየቀዳች አጠጥታዋለች፤ ክረምቱ ሲገባ ከሰው ጋር ሆና ተክላዋለች፤ አረሙን በየጊዜው አርማለች። ቡና ደግሞ ትዕግሥት የሚፈልግ ተክል ነው፤ ከተተከለ ሦስት፣ አራት ዓመት ሳይሞላው ደህና ፍሬ አይሰጥም። ያ ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ ቅርንጫፉ ቀይ የሆነው እኛ በወጣንበት ዓመት፣ በኅዳር ነው። እኛ በዚያን ጊዜ እዚህ ጊንጆ፣ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር። እናቴ ለሰው ቡና እየለቀመች ኑሮ ጀመረች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም አድጌ፣ ለምን እንዲያ እንዳለች ጠየቅኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ያን ዕለት ቡናው አልታየኝም፤ በሩ ብቻ ነው የታየኝ» አለችኝ።

የዛሬውን ዝግጅት ያሰናዳሁት በዚህች በእናቴ ቃል ምክንያት ነው። «ይቅርብኝ» በአፋችን የሚያምር ቃል ነው። ኩራት አለበት፣ ትዕግሥት አለበት፣ ድካምም አለበት። የሚሰማውም ሰው ያደንቃል። በፍቺ ሰሞን ግን ሰው ይህን ቃል የሚለው አስቦበት ሳይሆን ሕመሙ ቶሎ እንዲያልፍለት ብሎ ነው። ሕመሙ ከዓመት በኋላ ይቀንሳል። በዚያች ቅጽበት የተተወው መሬት፣ ቤት፣ ከብት፣ አንዳንዴም ልጅ፣ አይመለስም። ሴቶች ብቻ አይደሉም እንዲህ የሚሉት፤ «ልጆቹን ትውሰዳቸው፣ ይቅርብኝ» ብለው ወጥተው ኋላ ላይ የሚያለቅሱ አባቶችም አሉ።

ተፋቱ ለማለት አይደለም የመጣሁት፤ አትፋቱም አልልም። የሚታረቅ ቢታረቅ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ፍቺ በመካከላችን እያለ እንደሌለ ማስመሰል ማንንም አልጠቀመም።

እንደሌለ የምናስመስለው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አብሮን የኖረውን ነገር ነው። በቋንቋችን የተፋታ ሰው «ሰማንያውን ቀደደ» ይባላል፤ የቃሉ ዕድሜ የነገሩን ዕድሜ ይናገራል። ዳና ቲልሰንና ኡላ ላርሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በአገራችን ከተደረገ የቤተሰብ ጥናት ላይ ተነሥተው የ8,757 ሴቶችን ታሪክ መርምረው ነበር። ከመጀመሪያ ጋብቻዎች ውስጥ 45 ከመቶው በ30 ዓመት ጊዜ ውስጥ በፍቺ ያበቃል ሲሉ አስሉ። ከተፋቱት ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ የተፋቱት ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። በልጅነት መዳርና ልጅ አለመውለድ ከፍቺ ጋር በእጅጉ ተያይዘው ተገኙ። ይህ የከተማ ነገር ነው፣ የዘመኑ ወጣት አመጣው የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት። አያቶቻችንም ይፋቱ ነበር።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም በየመንደሩ አሁንም የሚነገረው ሕግ የዛሬው ሕግ አይደለም።

«ጥላ የወጣች ሴት ድርሻ የላትም» ሲባል ሰምታችኋል? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ይህ አባባል ከሜዳ የበቀለ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን በቤተሰብ ሽማግሌዎች እጅ ሰጥቶ ነበር። ፍቺ የጠየቀው ወገን ሕጉ «ከባድ ምክንያት» ከሚላቸው አንዱን፣ ለምሳሌ ዝሙትን ወይም ለሁለት ዓመት ጥሎ መጥፋትን፣ ካላሳየ ጥፋተኛ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሽማግሌዎቹም ከንብረቱ ለሌላኛው ወገን አብልጠው ሊሰጡ ይችሉ ነበር። እናቴ ዋንዛው ሥር የቆመችው በዚያ ሕግ ዘመን ነው። ብትከራከር ኖሮ ምን ያህል ታገኝ እንደነበር እንጃ። ዛሬ እዚያ ሥር የምትቆም ሴት ግን በሌላ ሕግ ነው የምትዳኘው።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚያ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ብዙ ከወተወቱ በኋላ፣ በ1992 የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። የኦሮሚያ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 በአዋጅ ቁጥር 69 አወጣ፤ በ1996 በአዋጅ ቁጥር 83 አሻሻለው። እኛ ጅማና አካባቢዋ ያለን ሰዎች የምንዳኘው በዚህ በክልሉ ሕግ ነው። በመሠረተ ሐሳቡ ከፌዴራሉ ጋር ተመሳሳይ ስለሆነ አብሬ እነግራችኋለሁ።

ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ማስታረቅ ይችላል፣ ሐሳቡንም ለፍርድ ቤት ያቀርባል፤ «ፈትተናችኋል» ብሎ ሊያሰናብታችሁ ግን አይችልም። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ስምምነታችሁን በጽሑፍ ታቀርባላችሁ፤ ካልተስማማችሁ አንዳችሁ ለብቻ ማመልከት ትችላላችሁ። በፌዴራሉ ሕግ ዳኛው እንድታስቡበት ከ3 ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። ማመልከቻው የሚገባው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ገንዘብ የሌለው ሰው «በደሃ ደንብ» ልክሰስ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ቃል ያዙት፣ ብዙ ሰው በገንዘብ እጦት ብቻ ደጃፉ ላይ ይመለሳል። ማመልከቻ ማጻፊያ ለሌለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ማፈር አያስፈልግም። እዚያ ያሉት ወጣቶች የእናንተን ዓይነት ጉዳይ በየቀኑ ነው የሚያዩት።

ንብረትን በተመለከተ የሕጉ መነሻ ቀላል ነው። በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚል ሰው ማስረጃውን ያቅርብ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በውርስና በስጦታ የተገኘ የግል ሊሆን ይችላል። የጋራው ግን እኩል ለእኩል ይካፈላል። ከቤት የወጣው ማን ነው፣ ማመልከቻውን ያስገባው ማን ነው ተብሎ ድርሻ አይነፈግም። ገንዘቡን ያመጣው ባል ነው፣ ሚስት ቤት ነበረች የሚለውም ክርክር አይሠራም። ቤት የዋለችው ሴት ቡናውን አፍልታለች፣ ተክላለች፣ አርማለች፣ ለቅማለች፣ አስጥታለች፤ ይህን በዓይናችን ስናየው የኖርን ሰዎች እኮ ነን!

ስለ መሬቱ ደግሞ በ1999 የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 130፣ ባልና ሚስት የጋራ ይዞታቸው ላይ በጋራ ስም ደብተር እንዲያገኙ፣ ሲፋቱም እኩል እንዲካፈሉ አዝዟል። እዚህ ላይ ለቡና አገር ሰው አንድ ልዩ ነገር አለ። አዋጁ ማሳ ከመጠን በላይ እንዳይሸራረፍ ወለል አስቀምጦ ነበር፤ ለዓመታዊ ሰብል ግማሽ ሄክታር፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል ደግሞ ሩብ ሄክታር። ስለዚህ ያላችሁ ቡና ጠባብ ከሆነ መሐሉን በገመድ ለክቶ መክፈል ላይቻል ይችላል። ያ ማለት ግን አንዱ ወገን ባዶ እጁን ይሄዳል ማለት አይደለም። በጋራ መጠቀም ወይም ሌላ የሚያስማማ አማራጭ መፈለግ ይቻላል። ብዙ ሴት «መሬቱ አይከፈልም ተብያለሁ» ብላ የምትተወው እዚህ ጋ ነው። አይከፈልም ሲባሉ የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ የእኔ ድርሻ በምን ይሁን?» የሚለው ነው።

የቡና ገበሬ ፍቺ ሌላም ጣጣ አለው፤ ገንዘቡ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ክሱ በሐምሌ ተጀምሮ ክርክሩ እስከ ጥር ቢሄድ፣ በመሐሉ ጥቅምት ገብቶ፣ ቡናው ተለቅሞ፣ እሸቱ ለመፈልፈያ ጣቢያ ተሸጦ፣ ጀንፈሉ ለሰብሳቢ ተሰጥቶ ያልቃል። ከዚያ ዳኛው ይካፈሉ ሲል የሚካፈሉት ዛፉን ብቻ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ገና ዛፉ ላይ ሳለ ለነጋዴ ሸጦ ብድር ይወስድበታል። ስለዚህ ማመልከቻው ሲገባ በዚያው ጊዜ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ቡናውን ማን ይልቀም፣ ማን ይሽጥ፣ ገንዘቡስ የት ይቀመጥ የሚለውን። ንብረቱ ይሸጣል የሚል ሥጋት ካለ እግድ ይጠየቃል። ልጆች ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ማን ቤቱ ውስጥ እንደሚኖር፣ ቀለብ ስንት እንደሚሆን፣ ይህም ዋናው ፍርድ ሳይደርስ በትእዛዝ ሊወሰን ይችላል። ሳይጠየቅ ይታለፍና በኋላ «ዳኛው አላየልኝም» ይባላል።

ዕዳም አለ። ለትዳሩ ተብሎ የተበደራችሁት ገንዘብ በፍቺ አይሰረዝም። አበዳሪው ጋ ሄዳችሁ ቀሪው ስንት እንደሆነ በወረቀት ጠይቁ፤ ሲከፋፈል እሱም አብሮ ይቀርባል።

በእኛ አካባቢ ብዙው ሰው ሙስሊም ነው፤ ትዳሩም በኒካህ የታሰረ ነው። በቀዲ ፊት መዳኘት የሚፈልግ ሰው መብቱ የተጠበቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን አንድ ነገር ያክላል፤ ሁለቱም ተከራካሪዎች ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። አንዷ «በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታይልኝ» ካለች ልትገደድ አይገባም። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊትም ይሁን ወደ ሌላው፣ የመህሩን (የጥሎሹን)፣ የልጆቹንና የንብረቱን ጉዳይ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ባንድ ጻፉት። በቃል «ፈትቻታለሁ» ብቻ ተብሎ በሁለት ምስክር ያለቀ ጉዳይ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ወይም መሬት ሲለካ ተመልሶ ይመጣል።

በትዳሩ ውስጥ ዱላ ካለ ግን ከላይ ስለ ሽምግልና ያልኩትን ለጊዜው ተዉት። ዱላ የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ብሎታል። መጀመሪያ ከቤት በደህና መውጣት፣ ከዚያ ሐኪም፣ ፖሊስ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት። የፍቺው ወረቀት ኋላ ይደርሳል።

(አጭር ዜማ)

አሁን ከወረቀቱ ወደ ልብ ልመለስ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ቶማስ ሆልምስና ሪቻርድ ራሂ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በሰው ሕይወት ላይ የሚደርሱ 43 ነገሮችን በክብደታቸው አስልተው ደረደሯቸው። ከሁሉ የከበደው የባል ወይም የሚስት ሞት ነው፤ 100 ሰጡት። ሁለተኛው ፍቺ ነው፤ 73። መታሰር እንኳ ከፍቺ በታች ነው የተቀመጠው። ይህን ቁጥር ሳነብ የእኛ አገር ልማድ ትዝ አለኝ። ባል ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራ ጋግሮ ይመጣል፤ ሰው ሦስት ቀን አብሮ ይቀመጣል፤ ደረት ይመታል፣ ሙሾ ይወርዳል። ሐዘንተኛዋ ብቻዋን እንዳትሆን ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። ትዳር ሲሞት ግን ድንኳን የለም። ከክብደቱ ሁለተኛ የሆነው ሐዘን ለቅሶ የለውም። ሰው የተፋታችው ሴት ቤት ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ለማጣራት ነው። «ምን ሆናችሁ? ማን ነው ጥፋተኛው?» ከዚያ በየቡናው ይወራል። ትናንት «የእገሌ ባለቤት» ትባል የነበረችው ሴት በአንድ ሌሊት «ፈት» ትሆናለች፤ ሠርግ ቤት ሙሽራ አጠገብ እንዳትቀመጥ የሚፈልጉ አሉ። ፊት ለፊቷም «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ይተርታሉ።

እናቴ የተረፈችው በአንዲት ጎረቤት ነው። እዚህ ጊንጆ የመጣን በሁለተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ሴትዮዋን አናውቃትም። በሙዳይ ቆሎ ይዛ ገባችና ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችም። እናቴ ጀበናዋን አወጣች፤ ከቤት የወጣንበት ነጠላ ገና አልተፈታም ነበር፣ ከውስጡ ነው ያወጣችው። ሲኒ ስላልነበረን ሴትዮዋ ከቤቷ ሦስት ሲኒ አመጣች። አንዱ ጆሮው የተሰበረ ነው። ቡናው ፈላ፤ አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ፣ በረካ ላይ ሲደርሱ እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ሴትዮዋ «አልቅሺ፣ እህቴ፤ እኔ አለሁ» አለቻት። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም። በየቀኑ ለወር ያህል እንዲሁ መጣች። አድማጮቼ፣ የተፋታ ጎረቤት ካላችሁ እንዲህ ነው የሚደረገው። ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥያቄውን ቤት ተዉት።

ሐዘኑ ግን አንዳንዴ ከጎረቤት አቅም በላይ ይሆናል። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካልገባ፣ ሥራ ካልተቻለ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እዚያ መሄድ ማበድ አይደለም። ጸበሉም ዱዓውም አይቀርም፤ አብሮ ይሄዳል።

ወንዶቹን አልረሳሁም። ወንድ ልጅ በፍቺ አያለቅስም ተብሎ ስለተነገረው በመጠጥ ወይም በጫት ይደብቀዋል። አባቴን ያኔ ጨካኝ አድርጌ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ያዘነ ሰው ነበር፤ የሚናገርበት ቃል ግን አልነበረውም። የተፋታ ወንድም ካላችሁ «ሌላ ታገባለህ፣ ምን አለበት» አትበሉት። ቁጭ በሉና አብራችሁት ዋሉ።

ስለ ልጆች የማውቀውን ከመጽሐፍ አላመጣሁትም። በዕረፍት ጊዜ እናቴ ከጅማ መናኸሪያ አውቶቡስ ላይ ታሳፍረኛለች። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ አባቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ገና ከመውረዴ የሚጠይቀኝ «እናትሽ ምን አለች?» ነው። ስመለስ እናቴ «አባትሽ ምን አለ?» ትለኛለች። አንድ ቀን አባቴ «በያት፣ ልጄን በደንብ አላበላሽም በያት» አለኝ። አውቶቡሱ ላይ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ መንገዱን ሁሉ ይህን ቃል እንዴት እንደማለሰልሰው ስለማመድ ሄድኩ። ጊንጆ ስደርስ «ደህና ሁኚ ብሎሻል» አልኳት። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የሁለት ሰው ሽማግሌ ሆኜ ነበር።

ስለዚህ የተፋታችሁ እናቶችና አባቶች፣ መልእክት ካላችሁ ስልክ አለ። በስልክ መነጋገር ካልቻላችሁ በሦስተኛ ሰው ላኩ። ልጁን ግን ተዉት። የሌላኛውን ወላጅ ስም ልጁ ፊት አታቆሽሹ፤ ልጁ ግማሹ ከዚያ ሰው ነው፣ ስትሰድቡት የራሱን ግማሽ እንደሰደባችሁት ነው የሚሰማው። ደብተሩም ልብሱም ያለበት አንድ የታወቀ ቦታ ይኑረው። «አባትህ ነው የፈታን» ወይም «እናትሽ ናት የሄደችው» ከማለት «ሁለታችን አብረን መኖር አልቻልንም፤ አንተን መውደዳችን ግን እንዳለ ነው» ማለት ይሻላል። ይህን አንዴ ብሎ መተውም አይበቃም። ልጅ በየጊዜው ይጠይቃል፤ በየጊዜው ይነገረው።

ልጁ ከማን ጋር ይሁን የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ሲሆን የሚያየውም የልጁን ጥቅም ነው፤ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ፍላጎት ይመዝናል። «ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ የግድ ለእናት ነው» የሚባለው የ1952ቱ ሕግ ትዝታ ነው። ልጁን የማያሳድገው ወላጅ የመጠየቅ መብት አለው፤ ልጁም ወላጁን የማየት መብት አለው። ቀለብ አልከፈለም ተብሎ ልጁን መከልከል፣ ልጁን ከለከለችኝ ተብሎ ቀለብ ማቋረጥ፣ ሁለቱም ልጁን ነው የሚቀጡት። ሌላም ነገር ልብ በሉ፤ ፍቺው ካበቃ በኋላ በየወሩ የሚቆረጠው ቀለብ የልጅ ነው፣ የቀድሞ ሚስት አይደለም። ድርሻዋን «ይቅርብኝ» ብላ የወጣች ሴት ለራሷ የሚቆረጥ ነገር ትጠብቅ ከነበረ አይመጣም።

(አጭር ዜማ)

ጥቂት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ቀርተውኛል፤ ቶሎ ቶሎ እላቸዋለሁ። ዕድሩ በማን ስም ነው? በብዙ ዕድር አባሉ ባል ነው፤ ከፍቺ በኋላ ሴቲቱ ሰው ቢሞትባት ድንኳን የላትም። ውሳኔው እንደደረሳችሁ ሄዳችሁ በራሳችሁ ስም ተመዝገቡ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅኑ ደብተርም በቤተሰብ ነው የሚወጣው፤ የራሳችሁን አውጡ፣ ልጆቹንም አስገቡበት። ዕቁብ ካለ የማን ዕጣ እንደሆነ ከዕቁቡ ዳኛ ጋር ተነጋገሩ። ፍቺም እንደ ልደትና እንደ ጋብቻ በክብር መዝገብ ይመዘገባል፤ ይህ ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። የፍርዱን ግልባጭ ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ፤ ኋላ ሌላ ትዳር ልትመሠርቱ፣ ቤት ልትሸጡ ወይም ልትበደሩ ስትሉ ትጠየቃላችሁ።

ለዛሬ አንድ ሥራ ልስጣችሁ፤ የተፋታችሁም፣ በሰላም የምትኖሩም አብራችሁ ሥሩት። የመሬት ደብተሩን ከሣጥኑ አውጡና ገልጣችሁ የማን ስም እንደተጻፈበት እዩ። የሁለታችሁም ከሌለ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ፀብ በሌለበት ቀን ይህን መጠየቅ ቀላል ነው፤ ባልም አይከፋም፣ ሚስትም አታፍርም።

እናቴ አሁንም እዚሁ ጊንጆ ናት። ከጓሮዋ ሰባት እግር ቡና አላት፤ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሁለት ጊዜ ለቅማዋለች። ደብተሩ በስሟ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የቀለብ ስሌት እንዴት እንደሚሠራ አንድ የሕግ ባለሙያ ጋብዤ እመጣለሁ። ጥያቄያችሁን አዘጋጁ። ደህና እደሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)